ከመስቀል በኋላ የሚሉት ትምህርት

2016 ዓ.ም. ሲገባ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ሰባ ሁለትም ሊሆን ይችላል። እናቴ የልደቴን ዓመት የምትቆጥረው በአንበጣ ነበር፤ አንበጣው ደግሞ ሁለት ጊዜ መጥቷል።

ዕድሜዬን ሙሉ አዳማ ውስጥ ጋሪ ነድቻለሁ። ባጃጅ የሚሉት ነገር ከተማውን እንደ ዝንብ ሲወረው፣ ጋሪም ከአስፋልት ሲባረር፣ ፈረሴን ሸጬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የልጅ ልጄን ማሳደግ ነው። እናቷ ታናሿ ልጄ ናት። ባቱ ከተማ አበባ እርሻ ላይ ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች፣ ደመወዝ ስትቀበል ብቅ ትላለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ያልጣመው ይለፈው።

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ቀን አንድ ነው፣ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ሌላ ነው። ከዘመን መለወጫ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ይጀመራል ብሎ ራዲዮኑ ይናገራል። የትምህርት ቤቱ በር ላይም ይለጥፉታል። ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ከመስቀል በኋላ ነዋ» ብሎ ይሄዳል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ጠይቄ የነገረኝ የለም። መንግሥት አላወጣውም። ቤተ ክርስቲያንም አላወጣችውም። መስቀልን የማያከብሩት ሙስሊም ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ግን ይህችን ያከብሯታል።

ልጆቹ መምህር አይመጣም ብለው ይቀራሉ። መምህራኑ ልጅ አይመጣም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ይግቡ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ እንደሚያበሰብሳቸው ማለት ነው። ላየው ሰው ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ድንቁርና ነው የምለው።

ለሌላው ሰው ይህ ቀልድ ነው። የእኛን ቤት ግን አቃጥሎታል። ትልቋ ልጄ የምትኖረው መቂ ነው። ባሏ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላ ነው፤ ማሳ ዳር ቆሞ ለአዲስ አበባ መኪና ያስጭናል። በፊተኛው ዓመት ልጄ እርጉዝ ነበረችና ትምህርት እስኪጀመር የእህቴ ልጅ ትርዳኝ፣ እስከ መስቀል ብቻ፣ ብላ ወሰደቻት። መስቀል አለፈ። ቲማቲሙ እስኪጫን ተባለ። ቲማቲሙ ተጫነ። ወገቤን አሞኛል ተባለ። ልጅቷ ወደ እኔ የተመለሰችው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፣ እጇ እንደ ቀን ሠራተኛ እጅ ሻክሮ። ክፍል ስትገባ ሌሎቹ መጽሐፉን አጋምሰውታል። ሰርግ ሲበተን እንደ ደረሰ እንግዳ ዳር ቁጭ ብላ ከረመች፣ በመጨረሻም ሁለተኛ ክፍልን ወደቀች። ሰነፍ አይደለችም። ሰነፎቹስ እኛ ነን፣ ዓመቱን ሙሉ «ከመስቀል በኋላ» ስንል የምንኖር።

እንግዲህ 2016 እንደ ገባ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት ትልቋ ልጄ ሕፃኑን አዝላ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት አሸክማ ከመቂ መጣች። ሽንኩርቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። የደላላ ሚስት በባዶ እጇ አትጠይቅም። እንኳን አደረሰዎት አለችኝ፣ ጉልበቴን ሳመች፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ከዚያ ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም አድርጋ ሕፃኑ ላይ አሳረፈችው። እንቅልፍ የለውም፣ ከእጅ አይወርድም፣ እሷም ለጭነት ሠራተኞቹ ምሳ መሥራት አለባት። ልጅቷ ብትመጣላት ለእሷም ለውጥ ይሆንላታል። ለውጥ አለች! ሕፃን አዝሎ መዋል ለውጥ ከሆነ ለምን እሷ ለውጡን አትጠግብም?

እምቢ አልኩ። እሷም ባቱ ላለችው ለልጅቷ እናት ደወለች። ታናሿ ልጄ በስልክ የደከመ ድምፅ አሰማችኝ፤ አባዬ፣ ተስማሙ፣ ትምህርት ካለ ትማር፣ ከሌለ ግን አክስቷን ትርዳ አለችኝ። ምን ታድርግ። እህቷ በችግሯ ጊዜ ደርሳላታለች፤ ፊት ለፊት እምቢ የምትልበት አፍ የላትም።

«በቃ አባዬ» አለች ትልቋ፣ ስልኩን ዘግታ። «እርስዎ የሚሉት ትምህርት ሰኞ ካለ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከሌለ ግን አቧራ ላይ ከምትውል ከእኔ ጋር ትሂድ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መስቀል ነዋ።»

«የየትኛው ዓመት መስቀል?» አልኳት።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሁሉን ትሰማ ነበር። ማታ ዩኒፎርሟን ከሳጥን አውጥታ ራስጌዋ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

እሑድ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ስጠይቅ ዋልኩ። ልጅህ ነገ ይሄዳል? ልጅሽ ነገ ትሄዳለች? እንደ ዕብድ አዩኝ። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የወሎ ሙስሊም፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹ ከእኛዋ ጋር ሁለተኛ ክፍል ናቸው፣ ስኳር እየመዘነ ሳቀብኝ። ሰኞ ሄደው ማንን ሊያዩ ነው ጋሼ፣ ዘበኛውን? አለኝ። ደንበኞቹም ሳቁ። ሰው ልጁ ባለመማሩ እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። እነዚሁ ሰዎች እኮ ነሐሴ ውስጥ ለደብተርና ለቦርሳ ሱቅ ለሱቅ ሲጋፉ የከረሙ ናቸው። ቦርሳው ላይ የመኪና ሥዕል ከሌለ ልጄ አይማርም ብለው ከነጋዴ ጋር የተጣሉ ናቸው። ቦርሳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይማራል፣ ልጁ ውጪ ይዞራል።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ዝናቡ ገና አልወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እየዘለለች ጫማዋን አተረፈችው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ድሮ አብሮኝ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አካም ቡልቴ ብሎ ሰላም አለኝ፣ እጄን ጨበጠኝ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ግቢው ውስጥ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አንዲት ላም ትግጣለች። ደወል ተብሎ ግራሩ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ወፏ ቢያንስ ሥራ ላይ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጥላል። ቢሮው በር ላይ አገኘኝና ዛሬ የመምህራን ውይይት እንዳለ፣ ትምህርቱ ተማሪ ሲሟላ እንደሚቀጥል በጥሩ አማርኛ ነገረኝ። ያልተጀመረ ነገር እንዴት ይቀጥላል ብዬ ጠየቅኩት። እንደ ሕፃን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትከሻዬን ፈረሴ እንኳ እንደዚያ ነክቶት አያውቅም።

የሁለተኛ ክፍል መምህርቷን ክፍሏ ውስጥ አገኘኋት። የአርሲ ልጅ ናት፣ ደህና ሴት ናት፤ እሷን አልሰድባትም። ጠረጴዛዋ ላይ ቆሎ በወረቀት ዘርግታ ትቆረጥማለች። ከፊቷ በጣት የሚቆጠሩ ልጆች ተበታትነው ተቀምጠዋል። የእኔዋ ሮጣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ለምን አታስተምሪም አልኳት። አልተቆጣችም። ለእነዚህ ባስተምር ሌሎቹ ሲመጡ ከሀ ልደግም ነው አለችኝ፤ ስደግም እነዚህ ይሰለቻሉ፣ ካልደገምኩ እነዚያ ይቀራሉ። ዓመት ዓመት እንዲህ ነው። ነገሩ እውነት አለው፤ እውነት ስላለው ነው የባሰ ያናደደኝ።

እኔም የልጅቷን ነገር ነገርኳት። አክስቷ እኔ ቤት ሻንጣ አስራ እየጠበቀች ነው፣ ከምሳ በፊት ትምህርት ካላየች ትወስዳታለች፣ ከወሰደቻት ደግሞ እንደ አምናው ነው፣ አልኳት። መምህርቷ ልጅቷን አየቻት። አምና ዳር ተቀምጣ መክረሟን ታውቃለች፤ እሷው ናት ያስተማረቻት።

«አባባ፣ ክፍሉን ግማሽ ያህል ይሙሉልኝና ጠመኔውን አሁኑኑ አነሳለሁ» አለችኝ።

ልትሸኘኝ ብላ ነው። ይህን አውቃለሁ።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው አባባ።» ቆሎዋን ወደ አፏ ወረወረች።

ወጣሁ። ጋሪ የነዳ ሰው ከተማውን የሚያውቀው በበር ነው። የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ፣ የትኛው በር በዱላ እንጂ በእጅ ቢመታ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ከባለ ሱቁ ጀመርኩ።

«ልጆችህን ስጠኝ።»

«የት ሊወስዷቸው ጋሼ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ኧረ ከመስቀል በኋላ…»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ደመራ የለኮስከው?» አልኩት።

ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ ስኳር ኬሻው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ልጆቹን ጠራቸው። በሳቅ ነው የሰጠኝ። በሳቅም ቢሆን ሰጠኝ።

ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ሴት ልብስ ታጥባለች፤ ልጇ አጠገቧ አረፋ ትነፋለች። ዩኒፎርሟ ልብስ ሰፊው ጋ ነው፣ እንዴት በቤት ልብስ ትሄዳለች፣ ሰው ምን ይላል፣ አለችኝ። ሰፊው ጋ ሄድኩ። ሰማያዊ ጨርቅ እንደ ገለባ ከምሮ ስልኩን ይጎረጉራል። መቼ ይደርሳል ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከመስቀል በኋላ! መርፌው ራሱ መስቀል የሚጠብቅ ይመስላል። ተመልሼ ለሴትዮዋ ሰው የሚለውን እኔ እነግርሻለሁ አልኳት። ልጅሽ በቤት ልብስ ተማረች ይላል፣ ከዚያ ሌላ ምን ይላል? እጇን አደራርቃ የልጅቷን ፊት በዚያው በሳሙናው ውኃ አጠበችና ለቀቀቻት።

አንዷ እናት ልጄ ገና አልነቃም አለችኝ፣ ልጁ ከኋላዋ ቆሞ እያየኝ። አንደኛው አባት ደግሞ መምህሩ ራሱ ይምጣና ይውሰደው አለ። መምህር ቤት ለቤት ልጅ ሊለቅም? እሱን ተውኩት። ልጁ ግን ራሱ ተከተለኝ፤ ከአባቱ ይልቅ ጭቃው ላይ የሚሄደው የልጅ ሰልፍ አማረው።

መንገዱ ጥግ ባጃጅ የሚያጥብ ጎረምሳ ልጆቹን እየነዳሁ ስመጣ አየኝ።

«አባባ፣ ጋሪ ደግሞ ጀመሩ እንዴ? ፈረሱ የታለ?»

«ፈረሱን ሸጥኩት። አህያው ባጃጅ ገዝቶ ይነዳል።»

ጓደኞቹ አውካኩበት። ጎረምሳው ግን ስድቡን ዋጠና ትንንሾቹን ባጃጁ ላይ ጫነልኝ፤ ታናሽ ወንድሙንም ከአልጋ ጎትቶ አመጣ። ምንም አልጠየቀኝም። በዚያ ቀን ያለ ክርክር አንድ ነገር ያደረገልኝ የሰደብኩት ሰው ነው።

በር ላይ ዘበኛው ያለ ዩኒፎርም አይገባም ብሎ እጁን ዘረጋ። ደንብ ነው አለ። ደንቡ እዚያ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ትምህርት ሰኞ ይጀመራል ይላል፣ ያንን ማን ጠበቀው አልኩት። ወረቀቱን ዞሮ አየው። እጁን አወረደ።

መምህርቷ ልጆቹ እየተጋፉ ሲገቡ ስታይ አፏ ውስጥ ያለውን ቆሎ ማኘክ አቆመች። እኔን አየች፣ ክፍሉን አየች። ግማሹ ሞልቷል፣ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። ቆሎውን በወረቀቱ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ጠመኔውን አነሳች። ቃሏን የጠበቀች ሴት ናት፣ ይህን እመሰክርላታለሁ።

ልጆቹ በአንድ ድምፅ መጮህ ሲጀምሩ ርዕሰ መምህሩ ከውይይቱ ወጥቶ መጣ። ምን ተፈጠረ ብሎ አይደለም የመጣው፤ ስልኩን ይዞ ነው። ዩኒፎርም የሌላቸውን ወደ ኋላ አዛወራቸው፣ የለበሱትን ፊት አስቀመጣቸው። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ ገቡ» አለኝ።

ፈቀቅ አልኩለት። ፎቶውን አንስቶ ወዲያው ለአለቆቹ ላከው። ትምህርት በዕለቱ ተጀመረ ብሎ እንደላከ ከዘበኛው ሰማሁ። ውሸት አይደለም። ለካ ሰው እውነት እየተናገረም ሌባ ሊሆን ይችላል።

ትልቋ ልጄ ሕፃኑን አዝላ ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ልጅቷን ከዚያው ይዛ ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ነበር። ድምፁን ስትሰማ መስኮቱ ጋ ቆመች። ውስጡን ደህና አድርጋ አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለባሏ ደወለችና ክፍሉ መሙላቱን፣ ልጆቹንም እኔ ከየቤቱ መልቀሜን ነገረችው። የደላላ ድምፅ ከስልክ ውጪም ይሰማል፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁት። ያ ተለቅሞ የመጣ ነው እንጂ የተጀመረ አይደለም፣ እንደ ቲማቲም ላዩን ቀይ ቀዩን ደርድረው እያሳዩሽ ነው፣ ሳጥኑን ገልብጠሽ እዪው፣ ይላታል። ስልኩን ከእጇ ተቀበልኳት።

«ላዩን ቀይ መደርደር የአንተ ሙያ ነው» አልኩት። «እዚህ ያሉት ልጆች ናቸው።» መልሼ ሰጠኋት። እሱ አሁንም ያወራ ነበር።

ልትመልስለት ስትል ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ መጣ። መምህርቷ አንድ ነገር ጠይቃ ሌሎቹ ዝም ብለው ኖሯል፤ የእኛዋ እጇን አውጥታ ተነሥታ መለሰች። አምና የወደቀችበት ክፍል ነው፣ የዳር ወንበር ላይ ሆና የሰማችው ነገር አለ። ጮክ ብላ ነው የመለሰችው፤ መንገድ ድረስ ይሰማል። መምህርቷ አስጨበጨበችላት።

ልጄ ስልኩን ዘጋችው።

«ድምጿ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ። «መቂ እያለች እኮ አትናገርም ነበር።»

ማን አናገራት ልላት ነበር፤ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፣ ተውኩት። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ እያባበለች እንደገና በመስኮቱ አየች።

«እሺ ትቅር» አለች በመጨረሻ። «ግን አባዬ፣ ዛሬ እርስዎ ስለለቀሙ ነው የሞላው። ለእህቴም እንዲሁ ነው የምነግራት። ነገ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ራሷ እናቷ ትልካታለች።»

«ንገሪያት።»

«እኔስ? ይህን ልጅ ማን ይይዝልኛል?»

«ባልሽ ለሽንኩርት ዘበኛ ይቀጥር የለ? ለልጁም ይቅጠር።»

ሳትወድ ሳቀች። ጉልበቴን ስማ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ ባጃጁ ድረስ ይዤላት ነበር፤ ልጄ ናት፣ ምን አደርጋለሁ። ሽንኩርቱንም አላስመለስኳትም።

ትምህርት ሲለቀቅ ወላጆቹ በር ላይ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ደግሞ እኮ ያመሰግናሉ። ጋሼ ዛሬ አኮሩን አሉኝ። ባለ ሱቁ ልጆቹን እየተቀበለ በሉ ደህና ነው፣ ቀኑ ተከበረ፣ እንግዲህ ነገ ያርፋሉ፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ይቀጥላሉ አለ። የልብስ አጣቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ የአንድ ቀን ሰርግ የደገስኩ መሰላቸው። መምህርቷ ክፍሏን ቆልፋ ስትወጣ ይህን ሰምታ አጠገቤ ቆመች። አባባ፣ ነገስ? አለችኝ ዝግ ብላ። ነገ ቆሎሽን ቤትሽ ተይው አልኳት።

ማታ ልጅቷ የዩኒፎርሟን ጭቃ አጥባ ያንኑ ምስማር ላይ ሰቀለችው። አክስቴ ነገ ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኳት። በማላውቀው ነገር ቃል አልሰጥም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ለልጅቷ ዳቦና ሻይ አቀረብኩላት፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ ዱላዬን ያዝኩ፣ መንገዱን ተሻግሬ የባለ ሱቁን ቆርቆሮ በር በዱላው ደበደብኩት።

«ማነው በዚህ ጠዋት?» አለ ከውስጥ፣ እንቅልፍ ባለው ድምፅ።

«ማክሰኞ ነው» አልኩት። «ልጆቹን አውጣ።»